አኖፊለስ፦ «ጥቅመ ቢስ» የተባለችው ትንኝ በርሜላችን ውስጥ ምን ትሠራለች?



ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ ባለው መንገድ ላይ ለምንሠራ ሐኪሞች ደጋግሞ የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ እዚህ ዝናብ የለ፣ ረግረግ የለ፤ ወባ ከየት መጣብን?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ዛሬ ትንሽ ዞር ብለን፣ ከአንድ የግሪክ ቃል ተነስተን እንፈልገው። ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ መጨረሻው ላይ ዛሬውኑ ቤታችሁ የምትሠሩት ነገር አለ።

ቃሉ «አኖፊለስ» ነው። ትምህርት ቤት ሳለን ሁላችንም ሸምድደነዋል፦ «ወባን የምታስተላልፈው ሴቷ አኖፊለስ ትንኝ ናት።» ፈተና ላይ ጽፈን ማርክ አግኝተንበታል። ቃሉ ራሱ ምን ማለት እንደሆነ ግን የነገረን የለም።

1. ቃሉን እንፍታው

ግሪክኛ ሩቅ አገር ያለ ነገር አይምሰላችሁ። ምግብ የምንበላበት «ጠረጴዛ» ከግሪክኛው «ትራፔዛ» የመጣ ነው። «ጳጳስ» እና «ወንጌል» የሚሉት ቃላትም በግዕዝ በኩል ከግሪክኛ የደረሱን ናቸው። እና ሳናውቀው በየቀኑ ግሪክኛ እንናገራለን ማለት ነው።

የሕክምና ቋንቋ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ግሪክኛ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። በተለይ ቃል መጀመሪያ ላይ የምትመጣ አንዲት ትንሽ ቅጥያ አለች፦ «አ» ወይም ከአናባቢ በፊት ስትሆን «አን»። ትርጉሟ የእኛው «አልባ»፣ «ቢስ»፣ «የለሽ» ነው። ለምሳሌ፦

«አኒሚያ»፦ «አን» ሲደመር «ሃይማ»፣ ማለትም ደም። «ደም አልባ» ማለት ነው፤ የደም ማነስ የምንለው።

«አኔስቴዥያ»፦ «አን» ሲደመር «አይስቴሲስ»፣ ማለትም ስሜት። «ስሜት አልባ»፤ ለቀዶ ሕክምና የሚሰጠው ማደንዘዣ።

«አኖፊለስ»፦ «አን» ሲደመር «ኦፌሎስ»፣ ማለትም ጥቅም። ስለዚህ አኖፊለስ ማለት በቀጥታ «ጥቅመ ቢስ»፣ «የማትረባ» ማለት ነው!

አዎ፣ በዓለም ላይ በየዓመቱ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች ሞት ምክንያት የሆነችው ትንኝ ሳይንሳዊ ስሟ «የማትረባ» ነው።

2. ማን ሰየማት? ለምንስ?

ስሙን ያወጣው ዮሐን ቪልሄልም ማይገን የሚባል ጀርመናዊ የነፍሳት ተመራማሪ ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1818። ያኔ ትንኝና ወባ ግንኙነት እንዳላቸው ያረጋገጠ ሰው አልነበረም። እንዲያውም «ማላሪያ» የሚለው ቃል ራሱ ጣልያንኛ ሲሆን «ማላ አሪያ»፣ «መጥፎ አየር» ማለት ነው። ሰው በሽታው ከረግረግ ከሚነሳ ክፉ አየር ይመጣል ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ ለማይገን ይህቺ ትንኝ ከሌሎች ነፍሳት መካከል አንዷ ነበረች፣ በቃ።

እውነቱ የወጣው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 ፈረንሳዊው ሐኪም አልፎንስ ላቬራን አልጄሪያ ውስጥ በሕመምተኛ ደም ላይ የወባን ተሕዋስ አየ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 20 ቀን 1897 ደግሞ እንግሊዛዊው ሐኪም ሮናልድ ሮስ ሕንድ ውስጥ፣ ሴኩንደራባድ ከተማ፣ ተሕዋሱን ትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘው። በዓመቱ ጣልያናዊው ባቲስታ ግራሲና ባልደረቦቹ የሰውን ወባ የምታስተላልፈው አኖፊለስ መሆኗን አሳዩ። ሮስ በ1902፣ ላቬራን በ1907 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ቁጥሩን አስሉት፦ ከ1818 እስከ 1898፣ 80 ዓመት። ለ80 ዓመት ገዳይዋ «የማትረባ» የሚል መታወቂያ ይዛ በነጻ ትበር ነበር፤ ሰው ደግሞ መስኮት እየዘጋ ከአየር ጋር ይታገል ነበር። የተሳሳተ ስም የተሳሳተ ቦታ እንድንፈልግ ያደርጋል። ይህን ነጥብ ያዙት፣ እንመለስበታለን።

የእኛ አማርኛ እዚህ ላይ ጨዋ ነው። «ንዳድ» እንላለን፤ ከ«ነደደ» የመጣ፣ ሰውነት ሲነድ። ግሪኮችም ትኩሳትን «ፒሬቶስ» ይሉታል፤ «ፒር» ማለት እሳት ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች የታመመው ሰው ላይ የሚታየውን ነው የሰየሙት፤ ምክንያቱን እናውቃለን አላሉም።

3. ሁለተኛዋ «ቢስ»

ማይገን በዚያው በ1818 ለሌላ የትንኝ ወገንም ስም ሰጥቷል፦ «ኤዴስ»። ይሄም ግሪክኛ ነው፤ «አ» ሲደመር «ሄዶስ»፣ ማለትም ደስታ። «ደስ የማትል» ማለት ነው። ኤዴስ የዴንጊ፣ የቺኩንጉንያና የቢጫ ወባ ቫይረሶችን የምታስተላልፈው ናት። ሰውነቷና እግሯ ላይ ነጭ ነጠብጣብና መስመር አላት፤ የምትናከሰውም በዋነኛነት በቀን ነው፣ በተለይ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ወደ ማምሻው።

አንድ ነገር ላስተካክል፦ «ቢጫ ወባ» በስም ወባ ቢባልም ወባ አይደለም። ወባ በተሕዋስ፣ ቢጫ ወባ በቫይረስ ነው የሚመጣው። ስም ያሳስታል ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

እንግዲህ ሁለት ትንኞች አሉን፦ «የማትረባዋ» እና «ደስ የማትለዋ»። ድሮ ሰፈራቸው ለየብቻ ነበር። አሁን ግን አንድ በርሜል ውስጥ ይገናኛሉ። ወደ አገራችን እንምጣ።

4. አዋሽና ሰመራ ላይ ምን ተገኘ?

ለረጅም ጊዜ በኢትዮጵያ ዋናዋ የወባ አስተላላፊ «አኖፊለስ አራቢየንሲስ» ነበረች፤ አሁንም ናት። እሷ ዝናብ ያቆረው ኩሬ፣ የወንዝ ዳርና የመስኖ ውኃ ትወዳለች። አዋሽ ሸለቆ ውስጥ ከአሚባራ እስከ ዱብቲ ባሉት የመስኖ እርሻዎች ወባ አዲስ ነገር ያልሆነው ለዚህ ነው። «ወባ የገጠርና የረግረግ በሽታ ነው» የሚለው እምነታችንም የመጣው ከእሷ ጠባይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ግን ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ ሌላ እንግዳ ተገኘች፦ «አኖፊለስ ስቴፈንሲ»። የትውልድ አገሯ ሕንድ፣ ፓኪስታን፣ ኢራንና የዓረብ ባሕረ ገብ መሬት አካባቢ ነው። ስቴፈንሲ የሚለው ስም ስቴፈንስ ለሚባል እንግሊዛዊ የወባ ተመራማሪ ክብር የተሰጠ ነው። ተመራማሪዎች በ2018 በምሥራቅና በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ ከተሞች ሲፈልጓት ከተገኘችባቸው መካከል አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ገዋኔና ሰመራ ይገኙበታል። ባቲ፣ ድሬዳዋና ጅግጅጋም እንዲሁ።

«ተገኘች እንጂ ታስተላልፋለች ወይ?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እሱም ተጠንቷል። በ2019 አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ በተሠራ ጥናት የተያዙት የስቴፈንሲ ትንኞች ውስጥ ሁለቱም ዋና ዋና የወባ ዓይነቶች፣ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ፣ ተገኝተዋል። እዚያው ከተማ ውስጥ ከተመረመሩት የውኃ ማጠራቀሚያዎችም አብዛኞቹ እጮቿን ይዘው ነበር።

ይህቺ ትንኝ ለምን ከተሜ ሆነች? ምክንያቱም ረግረግ አትፈልግም። የምትፈልገው ሰው ያጠራቀመውን፣ ንጹሕ የሚመስለውን ውኃ ነው፦ በርሜል፣ ክዳኑ የተሰበረ ሮቶ፣ የሲሚንቶ ገንዳ፣ ግንባታ ላይ ለኮንክሪት ማጠጫ የተቆፈረ የውኃ ጉድጓድ። እንደኛ ባለ ሞቃት ከተማ ውኃ በፈረቃ ሲመጣ፣ ወይም በቦቴ ሲገዛ፣ ሰው ያጠራቅማል። ማጠራቀሙ ትክክል ነው፣ ማንም አይወቀስበትም። ችግሩ ክፍት ማስቀመጡ ነው።

መጀመሪያ ላይ የነበረው «ዝናብ የለ፣ ረግረግ የለ፣ ወባ ከየት መጣ?» ለሚለው መልሱ እዚህ ጋ ነው። ድርቅ ባለበት ወር ሁሉ ውኃ ያለው አንድ ቦታ አለ፤ እሱም የእኛ ግቢ ነው።

5. ይሄ ነገር ቀልድ አይደለም

የሰመራ መንገድ ወደ ጅቡቲ ይወስዳል፣ ስለዚህ ጎረቤታችንን እንይ። ጅቡቲ ወባን ልታጠፋ ተቃርባ ነበር፤ በ2012 የተመዘገበው ሕመምተኛ 27 ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ስቴፈንሲ እዚያ ተገኘች። በ2020 ቁጥሩ ከ73 ሺህ በላይ ደረሰ። ሌሎች ምክንያቶችም ይኖራሉ፣ ነገር ግን ባለሙያዎች ለዚህ ጭማሪ ትልቁን ድርሻ ለዚህቺ ትንኝ ይሰጣሉ።

ድሬዳዋም በ2022 መጀመሪያ ወራት ላይ፣ ዝናብ በማይጠበቅበት ጊዜ፣ የወባ ወረርሽኝ ነበር። የሕመምተኞች ቁጥር በ2019 ተመሳሳይ ወራት ከነበረው ከ10 እጥፍ በላይ ሆነ፤ ጥናቱም ወረርሽኙን ከስቴፈንሲ ጋር አያይዞታል።

«ደስ የማትለዋ» ኤዴስም አላረፈችም። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ አካባቢ በአፋር ክልል በሎጊያና በሚሌ የዴንጊ ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር። ሎጊያ ማለት ከሰመራ ጋር አንድ የከተማ አስተዳደር ናት፤ ቅርባችን ነው።

እና አሁን ወደያዝነው ነጥብ እንመለስ። ማይገን «የማትረባ» ብሎ ሲሰይማት ሰው አየር ፈራ። እኛ ደግሞ «የረግረግ ትንኝ»፣ «የገጠር በሽታ» ብለን ስንሰይማት ዓይናችን ወንዝ ወንዙን ያያል፤ እሷ ግን ከጓዳችን በር አጠገብ ትፈለፈላለች። ስሙን እናስተካክል፦ ለከተማ ሰው ይህቺ ትንኝ «የበርሜል ትንኝ» ናት።

6. ዛሬ ቤታችሁ ምን ትሠራላችሁ?

ስልካችሁን ይዛችሁ ግቢ ውጡ። የስልኩን መብራት አብሩና በርሜሉን፣ ሮቶውን፣ ሳፋውን አንድ በአንድ እዩ። ውኃ ላይ የሚንቀሳቀሱ ትናንሽ ትል መሰል ነገሮች ካሉ እጭ ናቸው። የአኖፊለስ እጭ ከውኃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆና ተጋድማ ትንሳፈፋለች። የኤዴስ ደግሞ ጭንቅላቷን ወደ ታች ዘቅዝቃ ትንጠለጠላለች። ሁለቱንም አንድ ዕቃ ውስጥ ብታገኙ አይግረማችሁ።

ከዚያ፦

መክደን። ክዳን ያለውን ገጥሞ መዝጋት፤ የሌለውን በወንፊት ሽቦ ወይም ክፍተት በሌለው ጨርቅ ሸፍኖ ዙሪያውን በገመድ ወይም በላስቲክ ማሰር። እንጨት ወይም ቆርቆሮ ጣል አድርጎ መተው አይበቃም፤ ትንኝ ለመግባት የጣት ስፋት እንኳ አያስፈልጋትም።

በሳምንት አንድ ቀን ማጠብ። በእኛ ሙቀት ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ከአንድ ሳምንት እስከ አሥር ቀን ገደማ ይበቃታል። ስለዚህ ቀን ምረጡ፣ ለምሳሌ ዓርብ ጠዋት ወይም እሑድ፤ ዕቃውን ገልብጣችሁ ውስጡን በብሩሽ ፈትጉት። ማፍሰስ ብቻውን ለምን አይበቃም? ኤዴስ እንቁላሏን ከውኃው ከፍ ብላ ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች፤ እንቁላሉ ሳይሞት ለወራት ደርቆ መቆየት ይችላል፣ ውኃ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ መፈተግ የግድ ነው።

ማስወገድ። አሮጌ ጎማ፣ የተቆረጠ ጀሪካን፣ ባዶ ቆርቆሮ፣ የአበባ ማስቀመጫ ሥር ያለ ሳህን፣ የኤሲ ውኃ የሚንጠባጠብበት ባልዲ። የማያስፈልገውን ጣሉ፣ የሚያስፈልገውን ድፉ።

ግንባታ ያላችሁ። የኮንክሪት ማጠጫ ገንዳውን ሥራው ሲያልቅ ድፈኑት። በሥራ ላይ ካለም ሸፍኑት፣ ወይም የከተማውን ጤና ጽሕፈት ቤት አማክሩ፤ ውኃ ውስጥ የሚጨመር እጭ ገዳይ መድኃኒት በባለሙያ ነው የሚሰጠው። ጋዝ ወይም የተቃጠለ ዘይት በራሳችሁ አትጨምሩ፣ ሰውም እንስሳም የሚጠጣው ውኃ ሊበከል ይችላል።

አጎበር። አዎ፣ ሙቀቱ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ውጭ የምታድሩ ከሆነ አልጋው ላይ አራት እንጨት አቁማችሁ አጎበሩን እዚያው ውጭ ስቀሉት፣ ጫፉን ፍራሽ ሥር አስገቡ። ስቴፈንሲ ከምሽት ጀምሮ፣ ሰው ገና ደጅ ቁጭ ብሎ ሲጫወት ትናከሳለች፤ ስለዚህ ሲመሽ እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ ይረዳል። ልጆች ቀን ሲተኙም አጎበር ይኑራቸው፣ ለኤዴስ። ይህቺ አዲሷ ትንኝ ብዙ ዓይነት ፀረ ተባይ ኬሚካል የተለማመደች ናት፤ ስለዚህ በሚረጭ ፍሊት ብቻ አትተማመኑ። ክዳንን የምትለማመድ ትንኝ ግን የለችም።

7. ትኩሳት ሲመጣስ?

ሁለቱ በሽታዎች ሲጀምሩ ይመሳሰላሉ፦ ድንገተኛ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማት። ብርድ ብርድ ማለት፣ መንቀጥቀጥና ላብ ወባን ያስጠረጥራል። ከዓይን ጀርባ የሚሰማ ሕመም፣ አጥንት የሚሰብር ቁርጥማትና ሽፍታ ዴንጊን ያስጠረጥራል። ነገር ግን በምልክት ብቻ መለየት አይቻልም፣ ለሐኪምም አይቻልም። ምርመራ ያስፈልጋል። «ታይፎይድ ይሆናል» ብሎ ከፋርማሲ መድኃኒት ገዝቶ መዋጥ ጊዜ ይበላል፤ በፋልሲፓረም ወባ ላይ የባከነ ቀን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርመሩ።

ውጤቱ እስኪታወቅ ለትኩሳት ፓራሲታሞል ብቻ በልኩ ውሰዱ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ፣ እንክብሉም መርፌውም፣ አይሆንም። ምክንያቱም በሽታው ዴንጊ ከሆነ እነዚህ የመድማት አደጋን ይጨምራሉ። «ዶክተር፣ መርፌ ካልወጋችሁኝ አይሻለኝም» የምትሉ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቡልኝ።

ዴንጊ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፦ ትኩሳቱ ሲወርድ ሰው «ተሻለኝ» ይላል። አደገኛው ጊዜ ግን ብዙ ጊዜ ያኔ ነው፣ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው። ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፣ ጥቁር ሰገራ፣ መቁነጥነጥ ወይም መፍዘዝ ካለ ቤት አይጠበቅም፤ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም።

ቫይቫክስ ወባ ከተባላችሁ ደግሞ አንድ የመጨረሻ የግሪክ ቃል ልስጣችሁ፦ «ሂፕኖዞይት»። «ሂፕኖስ» እንቅልፍ፣ «ዞዮን» እንስሳ። «የተኛ እንስሳ» ማለት ነው። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተኝቶ የሚቀር ወገን አለው፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነቅቶ እንደገና ያሳምማል። «ወባዬ ተመላለሰብኝ» የሚባለው አንዳንዴ ይሄ ነው። የተኛውን የሚገድለው ፕሪማኪን ነው፤ ሐኪም ካዘዘላችሁ ደህና ሆንኩ ብላችሁ መሐል ላይ አታቁሙት፣ ጨርሱት። ነፍሰ ጡር እናቶችና ትንንሽ ሕፃናት ግን አይወስዱትም፤ ስለዚህ ለሌላ ሰው የታዘዘውን አትዋዋሱ። መድኃኒቱን እየወሰዳችሁ ሽንታችሁ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ደግሞ አቁማችሁ ወዲያው ኑ።

ራስን መሳት፣ ማንቀጥቀጥ፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ሕፃን መጥባት ወይም መጠጣት ማቃት፣ ትንፋሽ መፍጠን፦ ሰዓቱ ሌሊትም ቢሆን አይጠበቅም። ነፍሰ ጡሮችና ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ትኩሳት ከያዛቸው «ነገ እናያለን» አይባልም።

በአጭሩ፦ ክደኑ፣ በሳምንት አንዴ ፈትጉ፣ አጎበር ተጠቀሙ፣ ትኩሳት ካለ ተመርመሩ፣ ከፓራሲታሞል ውጭ ማስታገሻ በራሳችሁ አትውሰዱ።

አንድ ቤት ብቻ ቢከድን የጎረቤት በርሜል ለሁሉም ይበቃል፤ ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ለጎረቤት፣ ለቤት አከራይ፣ ለግንባታ ኃላፊ፣ በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌ፣ በሎጊያና በሰመራ ላለ ዘመድ ሼር አድርጉ። አማርኛ ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች ደግሞ በአፋርኛ አስረዱልን። በርሜላችሁ ውስጥ ያገኛችሁትን በኮሜንት ንገሩኝ፣ ፎቶ ብትለጥፉ እጯን አብረን እንለያለን።

ጤና ይስጥልን!